የመስታወት ቤት ጉርብትና፤ ጠበኞቹን የሲክሊድ ዓሦች ከማን ጋር ማኖር ይገባል?

ዓሣን በመስታወት ገንዳ ውስጥ እያኖሩ መመልከት በከተማ በሚኖሩ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ዘንድ የተለመደ ነው። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ የተቀመጠው አኳሪየም ሲመሽ መብራቱ በበራ ጊዜ ሕፃናት ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ይቀመጣሉ፤ አባትም ከሥራ ደክሞ ሲመለስ ዐይኑን ያሳርፍበታል፤ እንግዳ ቢመጣም የጨዋታ መክፈቻ ይሆናል። ነገሩ መልካም ነው። በዕለተ ኀሙስ ከውኃ የተገኘውን ፍጥረት ቀርቦ መመልከት ፈጣሪን ለማመስገን ምክንያት ይሆናልና።

ዳሩ ግን አያሌ ሰዎች ወደ ዓሣ መሸጫ በሚሄዱበት ጊዜ የሚመርጡት በመልክ ብቻ ነው። ቢጫው ስለ ድምቀቱ፣ ሰማያዊው ስለ ውበቱ፣ ባለ ጥቁር መስመሩም ስለ ልዩነቱ እየተባለ፣ ከየአገሩ ውኃ የመጣው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ገንዳ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም ያልፋል። በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ክንፍ ተቀዶ ይታያል፤ በሦስተኛው ሌላው ከማሞቂያው ጀርባ ተሸሽጎ ምግብ እንቢ ይላል፤ ወሩ ሳያልቅም አንድ ብርቱ ዓሣ ገንዳውን ለብቻው ይዞ ይቀራል። ልጆቹ ያዝናሉ፤ ወላጆቹም «ክፉ ዓሣ ገዛን» ብለው ይፈርዳሉ።

ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ዓሣው ያደረገው በሐይቁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው። በሐይቅ ውስጥ ግን የተሸነፈው ወገን ጥቂት ክንድ ያህል ዋኝቶ ከባለ ርስቱ ድንበር ይወጣል፤ ጠቡም በዚያው ይበርዳል። በመስታወት ውስጥ የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። አሳዳጁም ተሸናፊውን በፊቱ ባየው ቊጥር ገና ድንበሩን እንዳልለቀቀ ቈጥሮ ደጋግሞ ይመታዋል። ተሳዳጁ የሚሞተውም በንክሻው ብቻ አይደለም፤ በድካምና በጭንቀት ጭምር ነው። መሸሻውን የነሣው እንግዲህ ገንዳውን ያዘጋጀው ሰው ነው። መሸሻውን ከነሣ ዘንድ ጎረቤቱን አስተውሎ መምረጥ የእርሱ ዕዳ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ምርጫ በምን መሠረት ሊደረግ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

ሲክሊዶች እነማን ናቸው?

ሲክሊድ በሚባለው ወገን ውስጥ ሊቃውንት ስም ያወጡላቸው ዝርያዎች ከ1,600 ይበልጣሉ። የሚገኙትም በአፍሪካ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ ሕንድና በስሪ ላንካ፣ በጥቂቱም በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ወገኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጣና፣ ከባቱ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ተጠምዶ በገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። በገሊላ ባሕር የሚጠመደውና «የጴጥሮስ ዓሣ» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ለግብር የሚሆነውን ገንዘብ ከአፉ ያገኘበት ዓሣ ይህ ነው እየተባለ በልማድ ይነገራል፤ ወንጌል ግን የዓሣውን ዓይነት ለይቶ አይናገርም።

በቤት ገንዳ ውስጥ የሚኖሩት ግን አብዛኞቹ ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ናቸው። አንደኛው ወገን ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተገኘ ነው። የማላዊ ሐይቅ ርዝመቱ ከ550 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ 700 ሜትር ያህል የሆነ ሲሆን በውስጡ ከ700 በላይ የሲክሊድ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህም ውስጥ በድንጋያማው ዳርቻ የሚኖሩትን የአገሩ ሰዎች «ምቡና» ይሏቸዋል። የታንጋኒካ ሐይቅ ደግሞ 1,470 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ሲሆን ከ200 የሚበልጡ የራሱ ዝርያዎች አሉት። ሁለተኛው ወገን ከአሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች የተገኘ ነው። ኦስካር፣ በጎኑ ስላሉት ጥቋቁር መስመሮች «ኮንቪክት» ማለት «እስረኛ» የተባለው፣ ከ1919 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. የዓለም የከባድ ሚዛን ቡጢ አሸናፊ በነበረው ሰው ስም «ጃክ ዴምፕሲ» የተባለው፣ እነዚህ ሁሉ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ዓሣ በቡጢ ተጫዋች ስም ከተጠራ ጠባዩ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም።

ጠበኝነታቸው ከየት መጣ?

የሲክሊድ ጠበኝነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ከአያሌ ዓሦች የሚለያቸው አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች መሆናቸው ነው። ብዙ የዓሣ ዓይነት እንቁላሉን በውኃ ላይ በትኖ ይሄዳል። ሲክሊድ ግን ይጠብቃል። ወንዱ ቆሮሶ በሐይቁ ጥልቀት በሌለው ስፍራ አሸዋውን ጠርጎ እንደ ሳሕን የጎደጎደ ጎጆ ያዘጋጃል፤ ሴቲቱም በዚያ የጣለችውን እንቁላል በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈል ድረስ በአፏ ትይዘዋለች። የማላዊዋ ምቡና እንዲሁ ታደርጋለች፤ ሦስት ሳምንት ያህል እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ይዛ በዚያ ጊዜ ሁሉ ምግብ አትቀምስም ለማለት ይቻላል። ኮንቪክት የተባለው ዓሣ ባልና ሚስት ሆኖ በአንድነት እንቁላሉን ያራግባል፣ ጫጩቱን ይመራል፣ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውንም ዓሣ ፊት ለፊት ይገጥማል። ዲስከስ የሚባሉት ደግሞ ጫጩቶቻቸውን ከቆዳቸው ላይ በሚወጣ ፈሳሽ ይመግባሉ።

ልጅ የሚጠብቅ ፍጥረት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ስፍራ ያለውም ድንበር አለው፤ ድንበር ያለውም ይሟገታል። በገንዳችን ውስጥ የምናየው ድብድብ እንግዲህ ከዚሁ የወላጅነት ጠባይ ጋር የተሳሰረ ነው። አንደኛውን ወድዶ ሁለተኛውን መጥላት አይቻልም።

የኦስትሪያው ሊቅ ኮንራድ ሎሬንዝ እነዚህን ዓሦች ብዙ ዘመን ከተመለከተ በኋላ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ እንስሳት ጠብ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የጀርመንኛው ርእስ «ክፋት የሚባለው ነገር» እንደ ማለት ነው። ሎሬንዝ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ባልና ሚስት የሆኑ ሲክሊዶች ያለ ጎረቤት ብቻቸውን ቢቀመጡ ወንዱ የሚገጥመው የውጭ ጠላት በማጣቱ ቁጣውን በሚስቱ ላይ ያወርዳል፤ እስከ መግደልም ይደርሳል። በመካከል ግልጽ መስታወት ተደርጎ በወዲያኛው ወገን ሌላ ጥንድ ቢኖር ግን ሁለቱ ወንዶች በመስታወቱ በኩል እየተዛዛቱ ይውላሉ፤ በየቤታቸው ውስጥ ደግሞ ሰላም ይሆናል። እንግዲህ ለጠበኛ ዓሣ ብቻውን መሆን ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም፤ የሚሻለው ተገቢ የሆነ ጎረቤት ማግኘት ነው።

የምርጫው መሠረት

አንደኛው መሠረት ውኃው ነው። የማላዊና የታንጋኒካ ውኃ ማዕድን የበዛበትና ወደ አልካሊነት ያዘነበለ ነው፤ ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ የማላዊው ከ7.8 እስከ 8.6፣ የታንጋኒካው እስከ 9 ይደርሳል። የአማዞን ወንዝ ገባሮች ግን ለስላሳና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውኃ አላቸው። ሁለቱን በአንድ ገንዳ ማኖር ደገኛውን በበረሃ፣ በረኸኛውን በደጋ ያለ ልብስ እንደ ማኖር ነው። ዓሣው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ነገር ግን ሲደክም ይኖራል፣ የደከመውንም ጎረቤቱ ያጠቃዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን መልክ አለው?» ሳይሆን «ከየትኛው ውኃ መጣ?» የሚለው ይሁን።

ሁለተኛው መሠረት የአካል መጠን ነው። ሥጋ በል በሆነው ሲክሊድ ዘንድ በአፉ የሚገባለት ዓሣ ጎረቤቱ አይደለም፤ ምግቡ ነው። በመሸጫው ውስጥ ጣት የምታህለው ኦስካር ቶሎ አድጋ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ትሆናለች። ከእርሷ ጋር የገቡት ትንንሽ ዓሦች አንድ ቀን ጠዋት ቢታጡ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም። መመዘን የሚገባው ዓሣው ሲገዛ ያለው ቁመት ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበት ነው።

ሦስተኛው መሠረት ምግብ ነው። ምቡናዎች በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቁ የሚበሉ ናቸው፤ አንጀታቸውም ረጅም ነው። ሥጋ ከሚበሉ ጋር ሆነው ሥጋ የበዛበትን ምግብ ሲለምዱ «የማላዊ እብጠት» በሚባለው በሽታ ሊያዙ ይችላሉ። ሁለት ዓይነት ማዕድ የሚፈልጉትን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ አንዱን መጉዳት ነው። ለጎልማሳ ዓሦች በሳምንት አንድ ቀን ምግብ ባይሰጣቸው እንደማይጎዳ፣ ይልቁንም ለሆዳቸውም ለውኃውም ንጽሕና እንደሚጠቅም የዚህ ሙያ ዐዋቂዎች ይመክራሉ። ሕፃናት ይህን ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢያደርጉት ለማስታወስ ይቀልላቸዋል።

አራተኛው መሠረት መልክ ነው፤ ሰው በሚገምተው ተቃራኒ ግን ነው። በእኛ ዘንድ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በሲክሊዶች ዘንድ የሚከፋው ጎረቤት መልኩ የሚመሳሰለው ነው። ወንዱ ተወዳዳሪውን የሚያውቀው በቀለሙና በመስመሩ ስለ ሆነ፣ ሰማያዊ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ሌላውን ሰማያዊ ባለ ጥቁር መስመር እንደ ርስት ቀማኛ ያየዋል፤ ቢጫውን ግን ብዙ ጊዜ ችላ ይለዋል። ስለዚህ በአንድ ገንዳ የሚኖሩት ወንዶች በቀለምም በቅርጽም የተለያዩ ቢሆኑ ጠቡ ይቀንሳል።

አምስተኛው መሠረት የሚኖሩበት የውኃ ደረጃ ነው። አንዱ በታች በድንጋይ ሥር፣ ሌላው በመካከል፣ ሦስተኛው ከላይ የሚውል ከሆነ ገንዳው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ይሆናል፤ የአንዱ ደጃፍ የሌላው መንገድ አይሆንም።

ጥቂት ምሳሌዎች

ምቡና ለመያዝ የሚፈልግ ቤተ ሰብ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነና ከ200 ሊትር የማያንስ ገንዳ ያዘጋጅ። ከፍታው ሳይሆን ርዝመቱና ስፋቱ ነው የሚጠቅመው፤ የሚሸሽ ዓሣ የሚሸሸው ወደ ጎን ነውና። ለጀማሪ የሚስማማው ላቢዶክሮሚስ የተባለው ቢጫ ዓሣ ነው፤ ከምቡናዎች ሁሉ ገር ከሚባሉት አንዱ ነው። ከእርሱ ጋር የዛገ ብረት መልክ ያለውንና እንዲሁ ገር የሆነውን አዮዶትሮፊየስ የተባለውን ማኖር ይቻላል። በአንጻሩ አውራቱስ የተባለው፣ ሴቲቱ ቢጫ ባለ መስመር፣ ወንዱ ወደ ጥቁርነት የሚለወጥ ዓሣ በልጅነቱ እጅግ ያማረ ቢሆንም ሲያድግ እጅግ ብርቱ ተደባዳቢ ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

በምቡና ገንዳ ውስጥ ቁጥርም ይታሰባል። ሦስት ወይም አራት ዓሦች ብቻ ቢኖሩ ብርቱው ዐይኑን በአንዱ ደካማ ላይ ይጥላል። ዐሥራ አምስት ቢሆኑ ግን ዱላው ለብዙ ይከፋፈላል፤ ማንንም ለይቶ እስከ ሞት ማሳደድ አይችልም። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ ወንድ ለሦስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች ተደርጎ ገንዳው በርከት ያሉ ዓሦች ይያዝ። ዴማሶኒ የተባለው ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ በተለይ ከዐሥራ ሁለት ባነሰ ቁጥር ሲቀመጥ እርስ በርሱ ይጨራረሳል። ነገር ግን ዓሣው ሲበዛ ቆሻሻውም ይበዛልና ብርቱ ማጣሪያና በየሳምንቱ የገንዳውን ሩብ ያህል ውኃ መለወጥ ግዴታ ይሆናል። ይህ የብዛት ዘዴ ለምቡና እንጂ ለሁሉም አይሠራም።

ከምቡና ጋር የሚስማማው ሌላ ጎረቤት ከአምባዛ ጋር የሚቀራረበው ሲኖዶንቲስ ነው። ቆዳው ጠንካራ፣ ክንፉ እሾህ ያለው፣ ቀን በዋሻ ተኝቶ ሌሊት የሚወጣ ስለ ሆነ ከሲክሊዶች ጋር ክርክር የለውም። የዚህ ወገን የሆነ ዓሣ በአባያና በጫሞ ሐይቆችም ይገኛል። ከታንጋኒካ የመጣው ባለ ነጠብጣቡ ዓይነት ግን አንድ የሚያስደንቅ ተንኮል አለው። ሲክሊዷ እንቁላሏን ጥላ ወደ አፏ በምትሰበስብበት ቅጽበት እርሱ የራሱን እንቁላል ከመካከል ይጥላል፤ እርሷም ሳታውቅ አብራ ታነሣለች። የእንግዳው ጫጩት ቀድሞ ይፈለፈልና በአፏ ውስጥ የእርሷን ልጆች ይበላል። ይህን የጃፓኑ ተመራማሪ ቴትሱ ሳቶ በ1986 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቋል። ልጅ ማርባት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ይህን ዓይነት ጎረቤት ከመምረጥ ይጠንቀቅ።

ኮንቪክትን በሚመለከት፣ አንድ ጥንድ ያለው ሰው ባልና ሚስቱ እንቁላል በጣሉ ጊዜ የገንዳውን እኩሌታ እንደሚይዙ ይወቅ። በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሌላ ማንንም ባያስገባ ይሻላል። ሌላ ጎረቤት ቢፈልግ ግን ገንዳውን አስፍቶ እንደ ጃክ ዴምፕሲ ያለ በአካልም በብርታትም የማያንስ፣ የራሱ ድንበር በሌላው ጫፍ የሚኖረው ዓሣ ሊያስገባ ይችላል። ኦስካር ደግሞ ብቻዋን እንኳ ከ280 ሊትር የማያንስ ውኃ ያስፈልጋታል፤ ጎረቤትም ቢኖራት ከአፏ የሚበልጥ መሆን አለበት።

ከጠበኞች ሲክሊዶች ጋር ፈጽሞ ሊቀመጡ የማይገባቸውም አሉ። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድና ዝግ ብሎ የሚዋኝ ነው፤ ጋፒ ረጅም ጅራቱ ለንክሻ የተመቸ ነው፤ ኒዮን ቴትራ አራት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ናት። ኤንጅልፊሽ እርሱ ራሱ ሲክሊድ ቢሆንም ረጅም ክንፉና ለስላሳ ጠባዩ ከምቡናና ከኮንቪክት ጋር አያኖረውም።

ቤቱን ማዘጋጀት

ጎረቤት በትክክል ቢመረጥም ቤቱ ካልተዘጋጀ ሰላም አይገኝም። አዲስ ገንዳ በአንድ ቀን አይሞላም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞንያ መርዝ ነው፤ ባክቴርያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እጅግ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴርያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በመርዝ ውኃ ውስጥ የገባ ዓሣ የታመመ ጎረቤት ነው፤ የታመመውም መጀመሪያ ይጠቃል።

ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት በገንዳው ወለል ላይ ጸንቶ ይቀመጥ። ሲክሊዶች አሸዋ ቈፋሪዎች ናቸውና በአሸዋ ላይ የቆመ ክምር ተንዶ ዓሣውንም መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል። ክምሩም አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ በመካከላቸውም አንዱ ሌላውን እንዳያይ የሚከልል ነገር ይኑር። ዓሣ የማያየውን አያሳድድም። የዋሻው ቁጥርም ከዓሦቹ ቁጥር ይብለጥ እንጂ አይነስ።

የአገባብ ቅደም ተከተልም ታላቅ ነገር ነው። ቀድሞ የገባ ዓሣ ባለ ርስት ነው፤ በኋላ የመጣውን፣ ከእርሱ ቢበልጥ እንኳ፣ እንደ ወራሪ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ገሮቹ ቀድመው፣ ጠበኛው በመጨረሻ ይግባ። ከተቻለም ሁሉም በልጅነታቸው በአንድ ጊዜ ይግቡ። ገንዳው ከተመሠረተ በኋላ አዲስ ዓሣ የሚጨመር ቢሆን ድንጋዮቹን ከቦታቸው ማለዋወጥ ይጠቅማል፤ የድሮው ድንበር ሲጠፋ ሁሉም እንግዳ ይሆናልና። አዲሱ ዓሣም በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በሌላ ዕቃ ተለይቶ ይቆይ።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ የደጋ ከተሞች የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሁለት ነገር ይጨምሩ። ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ውኃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚጠብቅ ማሞቂያ ያስፈልጋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ አየር መንፊያው ሌሊትም ቀንም ይሥራ። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ከሌለ ውኃውን በጽዋ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ለጊዜው ይረዳል፤ እስኪመለስም ምግብ አይስጧቸው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅ በሰፊ ዕቃ ቢያድር መልካም ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በአንዳንድ ከተሞች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን፣ ክሎራሚን የተባለው ስለሚጨመርበት በማደር ብቻ እንደማይለቅ ይወቁ፤ ለዚሁ የተሠራውን ማርከሻ መግዛት ያስፈልጋል።

ጠብ ሲነሣ

አንዱ ዓሣ ከላይ በማዕዘን ተወትፎ ቢቆም፣ ክንፉን ወደ ሰውነቱ ለጥፎ ቢይዝ፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ በምግብ ሰዓት ባይወጣ፣ ጅራቱ ቢቀደድ፣ እነዚህ የስደት ምልክቶች ናቸው። «ነገ ይታረቃሉ» ብሎ ማሳደር አይገባም። በዚያው ሰዓት አንዱን መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ማጣሪያ ያለው ትንሽ መለያ ገንዳ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ከሁሉ የሚሻለው አሳዳጁን ለጥቂት ቀናት ማውጣት ነው፤ ሲመለስ ርስቱ በሌላ ተይዞ ስለሚያገኘው ቁጣው ይበርዳል። ይህም ካልረዳ ለሌላ ለሚስማማው ገንዳ ወይም ለሻጩ መመለስ ነው።

አንድ የማይደረግ ነገር ግን አለ፤ ዓሣውን ወስዶ በወንዝ ወይም በሐይቅ መጣል። «ነጻ አወጣሁት» ብሎ በየዋህነት የሚያደርገው ሰው ታላቅ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይል ፐርች የተባለ ታላቅ ዓሣ በሰው እጅ ገባ፤ በ1980ዎቹ እጅግ በበዛ ጊዜ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተባብሮ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ሲክሊዶች ሁለት መቶ የሚያህሉ ዝርያዎች እንደ ጠፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። የእኛም ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተለይቶ የኖረ ስለ ሆነ ከ15 የማያንሱ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችን ይዟል። እነዚህ የፈጣሪ ሀብቶች ናቸው፤ አንዴ ከጠፉ በገንዘብ አይመለሱም። ከቤታችን ገንዳ የወጣ አንድ ዓሣ፣ ወይም ከእርሱ ጋር የሚሄድ በሽታ፣ ዓሣ አጥማጁን ከነልጆቹ ሊጎዳ ይችላል።

ለወላጆች

ልጆች በገንዳው ፊት ተቀምጠው ብዙ ይጠይቃሉ። «አባባ፣ ለምን ይመታዋል?» ሲሉ «ክፉ ስለ ሆነ ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ዓሣ ሕግ አልተሰጠውም፤ ሕግ የተሰጠው ለሰው ነው። አዳም በባሕር ዓሦች ላይ መሾሙን ስንሰማ ሹመት ሁሉ ኀላፊነት እንዳለበት አብረን መስማት ይገባናል። ልጁ ዓሦቹን ራሱ ይመግብ፤ ውኃውን አብሮ ይለውጥ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ በደብተሩ ይጻፍ፤ አዲስ ዓሣ በሚገዛበት ጊዜም ምክር ይጠየቅ። በዚህ ከትምህርት ቤት ደብተር የማያንስ ዕውቀት ያገኛል።

ወደ መሸጫው በሚኬድበት ጊዜም ከቀለሙና ከዋጋው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ በአፋችን ይኑር፤ «ይህ ዓሣ በተሸነፈ ጊዜ ወዴት ይሸሻል?» የሚል። በገንዳችን ውስጥ መልስ ካለው ይግዙት፤ መልስ ከሌለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር በነበረበት ይተዉት።